ዩሪያን የሚያዘገየው ጄል፦ ውሃ መጣጭ ፖሊመር ለማዳበሪያ ምን ይፈይዳል?

የከብት በረት ጠዋት ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይወጣል። ሽታው አሞንያ ነው። ሌሊቱን ከብቶቹ የሸኑት ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ ፈርሶ ናይትሮጅኑ ወደ አየር እየሄደ ነው። ገበሬው ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ተሰልፎ የሚገዛው ነጩ ማዳበሪያም ያው ዩሪያ ነው። በፋብሪካ ከተፈጥሮ ጋዝ ይሠራ እንጂ ከከብቱ ሽንት ከሚገኘው በምንም አይለይም፤ ማሳ ላይ ሲበተንም እንደዚያው ይፈርሳል፣ እንደዚያው ይተናል።

ይህን ብክነት ለማዘግየት ከሚሞከሩት ዘዴዎች አንዱ ውሃ የሚመጥ ፖሊመር ወይም ሃይድሮጄል የሚባለው ነው። ማስታወቂያ የሚሠሩለት ተአምር ያስመስሉታል፤ የሚቃወሙት ደግሞ “ማሳ ላይ ፕላስቲክ መዝራት ነው” ይላሉ። ነገሩ ከሁለቱም በኩል ትንሽ ትንሽ እውነት አለው፤ የትኛው የት ላይ እንደሆነ ለመለየት ግን መጀመሪያ ናይትሮጅኑ ራሱ ምን እንደሚገጥመው ማወቅ ያስፈልጋል።

ናይትሮጅኑ የሚጠፋው በየት በኩል ነው?

አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 46 ኪሎ ነው። ቀሪው ካርቦን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ነው። ሰብሉ የሚፈልገው እነዚያን 46 ኪሎዎች ሲሆን፣ እነሱ ግን ሥሩ ጋ ከመድረሳቸው በፊት የሚያመልጡባቸው ሦስት በሮች አሉ።

አንደኛው በር ወደ ሰማይ ነው። እርጥብ አፈር ላይ ያረፈ ዩሪያ ቶሎ ይሟሟል። አፈር ውስጥ ዩሪየዝ የሚባል ኤንዛይም አለ፤ ኤንዛይም ማለት ሕያዋን ነገሮች የሚሠሩት፣ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ዩሪየዝ ዩሪያውን በጥቂት ቀናት ውስጥ አፍርሶ አሞንየም ያደርገዋል። ይህ ሲሆን በእያንዳንዷ ፍሬ ዙሪያ ያለው አፈር ለጊዜው አሲድነቱ ይቀንስና፣ ከአሞንየሙ ከፊሉ ወደ አሞንያ ጋዝ ተለውጦ ይተናል። ከሁሉም የከፋው ሁኔታ ማዳበሪያው ከላይ ተነስንሶ ሳይሸፈን ሲቀር፣ አፈሩ ዩሪያውን ለማሟሟት የሚበቃ እርጥበት ኖሮት ወደ ውስጥ የሚያሰርገው ዝናብ ግን ሲዘገይ፣ በዚያ ላይ ፀሐይና ነፋስ ሲጨመሩበት ነው። እንዲህ ሲሆን ከናይትሮጅኑ ሲሶው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በቀናት ውስጥ ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛው በር ወደ ታች ነው። ሳይተን የቀረው አሞንየም ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል አለው፣ የሸክላ አፈር ቅንጣት ደግሞ ኔጋቲቭ ስለሆነ ሁለቱ ይሳሳባሉ፤ አፈሩ ይይዘዋል። ብዙ ሳይቆይ ግን ባክቴሪያዎች ይደርሱበትና በሁለት፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ናይትሬት ያደርጉታል። ናይትሬት ኔጋቲቭ ነው፤ አፈሩም ኔጋቲቭ ነው። ስለዚህ የሚይዘው የለም። ከባድ ዝናብ ሲጥል ከውሃው ጋር አብሮ ከሥሩ በታች ይሰርጋል፣ ከዚያም ወደ ጉድጓድ ውሃ፣ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ሲበዛ በተለይ ጡጦ ለሚጠቡ ጨቅላዎች ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል።

ሦስተኛው በር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ማሳው ላይ ውሃ ሲተኛ አየር ከአፈሩ ይጠፋል። አየር ያጡ ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ከናይትሬቱ ነጥቀው ይተነፍሳሉ፤ የተረፈው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ከሚወጡት ጋዞች አንዱ ናይትረስ ኦክሳይድ ሲሆን፣ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል የበለጠ ምድርን የማሞቅ ኃይል አለው።

የሦስቱ በሮች ድምር ቀላል አይደለም። በዓለም ደረጃ ለእርሻ ከሚሰጠው ናይትሮጅን ሰብሉ የሚያነሳው በአማካይ ከግማሽ በታች እንደሆነ ይገመታል።

ሰብሉ ለምን ቶሎ አይወስደውም?

ገና ስላልደረሰለት ነው። ከተዘራ ሁለት ሳምንት የሆነው ስንዴ ሥሩ አጭር፣ ፍላጎቱም ጥቂት ነው። ናይትሮጅን በብዛት የሚጠባው ቅርንጫፍ ማውጣት ከጀመረበት እስከ ዘለላ ማውጫው ባለው ጊዜ ነው። ዩሪያው በሙሉ ሲዘራ ከተሰጠ፣ ስንዴው ሊበላ በሚደርስበት ወቅት ማዕዱ ተነስቷል። ለአራስ ልጅ የዓመቱን ቀለብ በአንድ ቀን አቅርቦ፣ የማይበላውን አይጥና ብል ሲጨርሰው እንደማየት ነው።

ስለዚህ የምርምሩ ሐሳብ ናይትሮጅኑን መቆለፍ አይደለም። ጨርሶ ከተቆለፈ ሰብሉም አያገኘውም። የሚፈለገው የሚለቀቅበትን ፍጥነት ከሰብሉ ፍላጎት ጋር ማቀራረብ ነው፤ ጄሉም የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ውሃ መጣጭ ፖሊመር ምንድን ነው?

ፖሊመር ማለት ትናንሽ ተመሳሳይ ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተደርድረው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ጥጥ ፖሊመር ነው፣ የድንች ስታርች ፖሊመር ነው፣ ፌስታልም ፖሊመር ነው። ቃሉ ብቻውን ጥሩም መጥፎም አይናገርም።

ውሃ መጣጭ የሆነውን ለመረዳት ማታ የተዘፈዘፈ አብሽ ያስቡ። ጠዋት ሲያዩት አብጧል፣ ተልጓጉጧል፣ ውሃውን አስሯል። አብሽ ውስጥ ያሉት ሰንሰለቶች ውሃ ስለሚወዱ ነው። ፋብሪካ የሚሠራው ጄልም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ እዚህም እዚያም ታስረው እንደ መረብ ስለሆኑ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል እንጂ እንደ አብሽ ልጓጉ ቀጥኖ አይሟሟም። ሁለተኛ፣ በመረቡ ላይ ብዙ ኔጋቲቭ ሙሎች ተሰቅለዋል። እነሱ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ መረቡን ይለጥጡታል፣ ውሃም ወደ ውስጥ ይስባሉ። በንጹህ ውሃ ውስጥ አንድ ግራም ደረቅ ጄል በመቶዎች የሚቆጠር ግራም ውሃ ሊይዝ ይችላል። አፈሩ ሲደርቅ ውሃውን ቀስ በቀስ ይመልስና ይጨማደዳል፤ ሲዘንብ ደግሞ እንደገና ያብጣል።

ብዙ ሰው ይህን ነገር የሚያውቀው ከሕፃናት ዳይፐር ነው። የሚገርመው ግን ሐሳቡ ከእርሻ ቤት መምጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ፒዮሪያ ከተማ ባለው የግብርና ሚኒስቴር ላቦራቶሪ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የበቆሎ ስታርች ላይ ሰው ሠራሽ ሰንሰለት ቀጥለው ውሃ እንደ ጉድ የሚጠጣ ንጥረ ነገር አገኙ። ይኸው ላቦራቶሪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፔኒሲሊን በብዛት የሚመረትበት መንገድ የተገኘበት ነው። ለዘርና ለአፈር ታስቦ የተጀመረው ጄል ገበያውን ያገኘው በዳይፐር ነው፤ ወደ ማሳው አሁን እየተመለሰ ነው ማለት ይቻላል።

ዩሪያው ጄሉ ውስጥ እንዴት ይገባል?

ቀላሉ መንገድ ደረቅ ጄልና ማዳበሪያ ቀላቅሎ በፈሩ ውስጥ አብሮ መቅበር ነው። ሁለተኛው፣ ጄሉን ዩሪያ በተሟሟበት ውሃ ዘፍዝፎ ካበጠ በኋላ ማድረቅ ነው፤ ውሃው ሲሄድ ዩሪያው መረቡ ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛው፣ መረቡ ገና ሲሠራ ዩሪያውን አብሮ መጨመርና ውስጡ ማስቀረት ነው። ከዚህ ሁሉ የተሻለ ውጤት የሚሰጠው ግን ድርብ ልብስ ያለው ነው፦ መሀል ላይ የዩሪያ ፍሬ፣ በላዩ ውሃ በዝግታ የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን፣ ከውጭ ደግሞ ጄል።

እዚህ ላይ የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። በፖሊመር ወይም በድኝ የተሸፈነ ዩሪያ የሚባለው የቆየ ምርት ጄል አይደለም። እሱ የሚሠራው እንደ እንስራ ነው፤ የሸክላው ግድግዳ ውስጡ ያለውን በላብ መልክ ቀስ እያለ ያወጣዋል። ጄሉ ግን ግድግዳ የለውም፤ ከላይ እስከ ታች መረብ ነው። ይህ ልዩነት ለሚቀጥለው ጥያቄ ወሳኝ ነው።

በእርግጥ ያዘገያል?

ያዘገያል፤ ነገር ግን ሁሉንም የናይትሮጅን ዓይነት እኩል አያዘገይም።

ዩሪያ ትንሽ ሞለኪውል ናት፣ የኤሌክትሪክ ሙልም የላትም። ስለዚህ መረቡ የሚይዝበት እጅ የለውም። የምትዘገየው ቀጥታ መንገድ አጥታ በጠመዝማዛ ቀዳዳዎች ስለምትሄድ ብቻ ነው፤ በገበያ ቀን መርካቶን አቋርጦ እንደመውጣት። መውጣቷ ግን አይቀርም። ጄሉ ብቻውን ሲሆን የሚያተርፈው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት እንጂ በወራት የሚቆጠር አይደለም። ሸክላ፣ የከሰል ዱቄት ወይም ውስጣዊ ሽፋን ሲታከልበት ጊዜው ይረዝማል።

አሞንየም ላይ ሲደርስ ጄሉ ይጠነክራል። አሞንየም ፖዘቲቭ፣ መረቡ ኔጋቲቭ ስለሆኑ ልክ እንደ ሸክላ አፈር ይይዘዋል፤ ይህም ወደ አሞንያ ጋዝ ከመለወጥ የተወሰነውን ያድናል። ናይትሬት ላይ ግን መረቡ ዋጋ የለውም። ሁለቱም ኔጋቲቭ ናቸው፤ እንዲያውም ይገፋዋል። ስለዚህ አንድ ሻጭ “ጄሉ ናይትሬትን ይይዛል” ቢል፣ በተዘዋዋሪ ውሃው እንዳይሰርግ በመያዝ ካልሆነ በቀር፣ ኬሚስትሪው አይደግፈውም።

ሌላው እንቅፋት ጨው ነው። “በመቶዎች እጥፍ ውሃ ይይዛል” የሚለው ቁጥር የተለካው በንጹህ ውሃ ነው። በአፈር ውስጥ ያለው ውሃ ግን ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሌሎችም ጨዎች አሉበት። እነዚህ የመረቡን ኔጋቲቭ ሙሎች ስለሚሸፍኑ መገፋፋቱ ይቀንሳል፣ ጄሉም ማበጡን ያቆማል፤ ካልሲየም ደግሞ ሁለት ሰንሰለቶችን በአንዴ ስለሚያስር ከሁሉ ይብሳል። ማዳበሪያ ራሱም ብዙው ጨው ነው። ዩሪያ ጨው ባለመሆኗ ከጄል ጋር የምትስማማው ለዚህ ነው፤ አሞንየም ናይትሬት ወይም አሞንየም ሰልፌት ግን ጄሉን ያኮማትሩታል።

ታዲያ አንድ ምርት “ቀስ ብሎ የሚለቅ” ለመባል ምን ማሟላት አለበት? በአውሮፓ ተቀባይነት ያለው መለኪያ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ውስጥ ተነክሮ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ከ15 በመቶ በላይ፣ በ28 ቀን ደግሞ ከ75 በመቶ በላይ እንዳይለቅ ይጠይቃል። ጄል የያዘ ማዳበሪያ የሚያቀርብ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህን ነው። ጄሉ ስንት እጥፍ ያብጣል ከሚለው ይልቅ በ28ኛው ቀን ስንት ቀረው የሚለው ይሻላል።

በድርቅ ጊዜ ውሃ ያጠራቅማል የሚባለውስ?

ይህን በመደመር በማባዛት ማየት ይቻላል። በአንድ ሄክታር ላይ 20 ኪሎ ጄል ተበተነ እንበል፤ እያንዳንዱ ኪሎ 200 ሊትር ውሃ ያዘ እንበል። ድምሩ 4,000 ሊትር ነው። ብዙ ይመስላል። ሄክታሩ ግን 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰው ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነው፤ 0.4 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት ነው። ለምለም የስንዴ ማሳ በአንድ ሞቃት ቀን ብቻ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ይጠጣል። እንግዲህ ማሳ ሙሉ የተበተነ ጄል ድርቅ ያሻግራል ማለት አይቻልም።

ጄሉ ሚዛን የሚደፋው ውሃውና ናይትሮጅኑ በአንድ ጠባብ ቦታ፣ በሥሩ አጠገብ ሲከማቹ ነው። በችግኝ ጉድጓድ፣ በአትክልት መደብ፣ በችግኝ ማፍያ ፕላስቲክ ውስጥ ያው 0.4 ሚሊሜትር የተባለው በብዙ እጥፍ ይባዛል።

ለየትኛው አፈር ነው የሚበጀው?

አሸዋማ ለሆነ አፈር። እንዲህ ያለ አፈር ውሃ አይዝም፣ አሞንየም የሚይዝበት ሸክላም የለውም። በስምጥ ሸለቆ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ሰው ያውቀዋል፤ ዛሬ የሰጠው ውሃ በሁለተኛው ቀን የለም። ጄሉ እዚያ የጎደለውን ሸክላ ይተካል።

መረሬ በሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በኢትዮጵያ መረሬ አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ይህ አፈር ራሱ ጄል ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አሞንየም አጥብቆ ይይዛል። በበቾ ሜዳ በሐምሌ የሚያስቸግረው የውሃ ማነስ ሳይሆን የውሃ መተኛት ነው። ናይትሮጅኑ የሚወጣው በሦስተኛው በር ነው። እዚያ ላይ ሌላ ውሃ መጣጭ መጨመር ጎርፍ ላይ ስፖንጅ እንደመጣል ነው። የእነዋሪ ገበሬዎች በእጃቸው መደብና ቦይ እያወጡ ውሃውን የሚያስወጡበት የቆየ ልማድ፣ ወይም ቢቢኤም የሚባለው በበሬ የሚጎተት መደብና ቦይ ማውጫ መሣሪያ፣ ለናይትሮጅኑም ከየትኛውም ፖሊመር የተሻለ ጠባቂ ነው ባይ ነኝ።

ጄሉ አፈር ውስጥ ምን ሆኖ ይቀራል?

ተቃውሞው የሚበረታው እዚህ ነው። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ጄሎች ከነዳጅ ዘይት ከሚገኝ አክሪሊክ አሲድ ወይም አክሪላማይድ የተሠሩ ናቸው። ሰንሰለታቸው የተያያዘው በካርቦን ስለሆነ ተሕዋስያን በቀላሉ አይበሉትም፤ መፍረሱ ዓመታት ይፈጃል። አክሪላማይድ ራሱ ነርቭ የሚጎዳ፣ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ንጥረ ነገር ነው። ሰንሰለት ከሆነ በኋላ ያ ጠባዩ የለውም፤ ስለዚህ የጥራት ጥያቄው ሰንሰለት ሳይሆን የቀረ አክሪላማይድ በምርቱ ውስጥ ምን ያህል አለ የሚለው ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የማዳበሪያ ደንብ ውስጥ፣ የማዳበሪያን አለቃቀቅ ለመቆጣጠር ወይም ውሃ ለመያዝ የሚገቡ ፖሊመሮች ከሐምሌ 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተፈጥሮ የሚፈርሱ መሆናቸው መረጋገጥ እንዳለበት አስቀምጧል። ተመራማሪዎች ወደ ስታርች፣ ወደ ሴሉሎስ፣ ከሽሪምፕ ቅርፊት ወደሚገኘው ኪቶሳንና ከባሕር አረም ወደሚወጣው አልጂኔት ፊታቸውን ያዞሩት በዚህም ምክንያት ነው። እነዚህ ይፈርሳሉ፤ ችግራቸው አንዳንዴ ከሚፈለገው በላይ ቶሎ መፍረሳቸው ነው።

የዳይፐር ዱቄት ቢጨመርስ? በማኅበራዊ ሚዲያ ዳይፐር ቀድዶ የአበባ ማሰሮ ውስጥ መጨመር እንደ ብልሃት ሲታይ ቆይቷል። አይመከርም። የዳይፐሩ ጄል በሶዲየም የተሠራ ነው፤ ሶዲየም ሲጠራቀም የሸክላ አፈርን ያፈርሰዋል፣ ሥርም ይጎዳል። ለእርሻ የሚሠራው በአብዛኛው በፖታሲየም የሆነው ለዚህ ነው።

ያለ ጄል ማዘግየት አይቻልም?

ይቻላል፤ እንዲያውም ርካሹ መንገድ ዕቃ መግዛት አይጠይቅም። ዩሪያውን በሁለት ዙር መስጠትና አፈር ማልበስ ነው። ከአምስት ሴንቲሜትር ያህል በታች የተቀበረ ዩሪያ የሚለቀው አሞንያ ወደ ላይ ሲወጣ አፈሩ ይይዘዋል፤ አንደኛው በር በዚህ ብቻ ሊዘጋ ምንም አይቀረውም። ጉልበት ግን ይፈልጋል፤ እንደ ጤፍ በብተና ለሚዘራ ሰብል ሁለተኛውን ዙር አፈር ማልበስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

የኤንዛይሙን ወይም የባክቴሪያዎቹን ሥራ ለሳምንታት የሚያቀዘቅዙ ኬሚካሎችም አሉ። እነሱም የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ ኒውዚላንድ ውስጥ በ2013 እ.ኤ.አ. ከእነዚህ የአንዱ ቅሪት ወተት ውስጥ ተገኝቶ ሽያጩ ቆሟል። ብስባሽና ፍግ ደግሞ በተፈጥሯቸው ቀስ ብለው የሚለቁ ናቸው፤ ናይትሮጅናቸው ጥቂት ስለሆነ ግን ዩሪያን ብቻቸውን አይተኩም።

ዋጋውስ ያወጣል?

ይህም በስሌት ይታያል። በሄክታር አንድ ኩንታል ዩሪያ ሰጥቶ ሲሶው የሚባክንበት ገበሬ፣ የሚያጣው 33 ኪሎ ዩሪያ ገደማ ነው። የትኛውም ጄል ብክነቱን ሙሉ በሙሉ ቢያስቆም እንኳ ከማዳበሪያ ወጪ የሚያድነው ጣሪያ ይኸው ነው። እንግዲህ ለሄክታሩ የሚበቃው ጄል ከ33 ኪሎ ዩሪያ ዋጋ በታች መሆን አለበት ማለት ነው፤ ወይም ልዩነቱን የሚሸፍን የምርት ጭማሪ መምጣት አለበት። ጄሉ ግን በኪሎ ከዩሪያ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. በዳንጎቴ ግሩፕና በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ መካከል የተፈረመው፣ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት የታሰበው የጎዴ ፋብሪካ ተሳክቶ የማዳበሪያ ዋጋ ከወረደ፣ ስሌቱ ለጄሉ የባሰ ይከብደዋል፤ ዋጋው ከወጣ ደግሞ ይቀለዋል።

ለዚህ ነው ጄሉ በስንዴና በጤፍ ማሳ ላይ ገና እግሩን ያልተከለው። አሁን ባለው ዋጋ የሚያዋጣው ጥቂት ግራም ብዙ ሥራ በሚሠራበት ቦታ ነው፦ የአቮካዶ ወይም የቡና ችግኝ በሚተከልበት ጉድጓድ፣ ከጥቂት እፍኝ አፈር ጋር፣ ከሥሩ ሥር።